ቤት ውስጥ ሰው የለም

ማክሰኞ ከሰዓት ደጄ ላይ ተቀምጬ፣ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን እንድሪስን «የራስህን ሱሪ መች ነው የምትጥፈው?» እያልኩ ሳበሽቀው ስልኬ ጠራ። ልጄ ይመኙሻል ናት፣ ከኦማን፣ ከሳላላ ከተማ።

ይመኙሻል እዚያ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አምስት ዓመት ሆናት። ልጇን ቤዛን ለእኔ ትታልኝ ነው የሄደች። ቤዛ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው።

ከባሕር የተነሳ ከባድ አውሎ ነፋስ ወደ ሳላላ እየመጣ መሆኑን ከጠዋት ጀምሮ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ስፈራ አፌ ይቀልዳል፣ ምን ላድርግ...

«እስቲ ነፋሱን አቅርቢልኝ» አልኳት። «ማንን አስፈቅዶ ነው ልጄ ሰፈር የሚመጣው?»

አልሳቀችም። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«አባየ... ቀስ ብለው ያውሩ።»

«ምነው፣ ነፋሱ አማርኛ ይሰማል?»

«ሰዎች በር ለበር እያንኳኩ ነው። ውኃው እዚህ ይደርሳል፣ ውጡ እያሉ በመኪና ይጭናሉ።»

«ታዲያ ውጪያ።»

ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

«የመኖሪያ ወረቀቴ አልቋል እኮ አባየ። ካገኙኝ ወደ አገርሽ ነው የሚሉኝ። መብራቱን አጥፍቼ ቁጭ ብያለሁ... እንደ ልጅነቴ። ያስታውሳሉ? ቤት ውስጥ ሰው የለም ብያለሁ።»

ይህን ስትል የያዝኩት ስልክ ከበደኝ።

እኔ ያደግኩት ጉና ግርጌ፣ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው። መስከረም ላይ ገብሱ ሲያሸት በረዶ ከወረደበት፣ የዓመቱ ቀለብ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አፈር ይሆናል። ሰማዩ ከጠቆረ እናቴ እሳቱን ትዳፍንና ጥግ ላይ ትሰበስበናለች። «እስ... መብረቅ የሚስቅ ቤት ይወዳል» ትለናለች። እሷ የምሯን ነበር። አፌን በመዳፏ ትይዘዋለች፤ የሚስቀው እኔ ነኛ።

እኔ ደግሞ ወልጄ ደብረ ታቦር ስገባ የእናቴን ፍርሃት ጨዋታ አደረግኩት። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መቼም ታውቁታላችሁ፣ አገር ሙሉ ሰው ድንጋይ የሚወረውር ነው የሚመስል። ይመኙሻል እየሮጠች ጋቢዬ ውስጥ ትገባለች። እኔ ወደ ጣሪያው አንጋጥጬ፣ «ባለቤቶቹ የሉም፣ ሐሙሲት ገበያ ወርደዋል። ሲመጡ መጥተህ ነበር እላቸዋለሁ» እላለሁ። እሷ ትንፋሿን ይዛ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። በረዶው ሲያባራ «አየሽ፣ አመነን» እላታለሁ።

እና ማክሰኞ ዕለት ያቺው ልጅ፣ ሰው አገር በተከራየችው ምድር ቤት ውስጥ፣ ትንፋሿን ይዛ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ያ እኮ ጨዋታ ነው» አልኳት። «ውሸቴን ነበር። በሩን ክፈቺ።»

«ባዶ እጄን ልመለስ?»

«ባዶ እጅሽን ነይ። እጅሽ ይበቃናል።»

ከኋላዋ በር ሲደበደብ ተሰማኝ። አንድ ሰውዬ ይጮኻል። ቋንቋውን ባላውቀውም የሚለው ገባኝ፤ ሰው አለ ወይ ነው።

«ይመኙሻል፣ አለሁ በያቸው።»

ስልኩ ተቋረጠ። አለሁ ብላ ይሁን ዝም ብላ... አላውቅም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ስልኳ እስካሁን አይሠራም። እዚያው ከተማ የምትሠራ ጓደኛዋን አግኝቻት ነበር። «ሰፈሩ ውኃ ውስጥ ነው አባባ። የወጡትን ሰዎች ትምህርት ቤት አስገብተዋቸዋል፣ ስሟን እየጠየቅን ነው» አለችኝ። ለቤዛ የእናትሽ ስልክ ተበላሽቶ ነው ብያታለሁ። እኔ መቼም ውሸት አያልቅብኝም።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከጉና በኩል ጠቆረና እኛም ላይ በረዶውን ለቀቀው። ቤዛ እንደ እናቷ እየሮጠች ጋቢዬ ውስጥ ገባች። ትንፋሿን ያዘች። ጠበቀችኝ።

«አባባ፣ የሉም ይበሉት እንጂ።»

ጋቢዬን እሷ ላይ ጣልኩት።

ተነሳሁና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። በረዶው እየነጠረ እግሬ ሥር ገባ። «አለን» ብዬ ጮኽኩ። «ቤት ውስጥ ሰው አለ። አለን።»

«አባባ፣ አበዱ እንዴ?» አለች ቤዛ። ትንሽ አየችኝና እየሳቀች መጥታ አጠገቤ ቆመች። እሷም «አለን፣ አለን» ትል ጀመር።

እንድሪስ ከማዶ ከሱቁ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ማን ጠርቷችሁ ነው?» አለኝ።

«አለን» ብዬ ደገምኩለት።

ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ከልቧ የምታምነኝ አንድ ይመኙሻል ነበረች... ምናለ ያቺን አንድ ማክሰኞ «ሰው የለም» ማለቴን ባላመነችኝ።