ጆብ፣ ወርክ እና የጓሮው ውሃ

ሰመራ ሙቀቱ ሲበረታ ቢሮዎች ቀትር ላይ ይዘጉና አመሻሹ ላይ ነው የሚከፈቱት። በዚያ ሰዓት የምሠራበት ሆቴል ጭር ስለሚል፣ ከወሎ የመጣችው ባለሆቴላችን፣ እዚያው አልጋ ይዞ የሚኖር አንድ የቢሮ ሠራተኛ እንግሊዝኛ እንዲያስተምረን ለመነችው። ተማሪዎቹ ሦስት አስተናጋጆች ነን።

«ወላሂ፣ ቀድማ የቻለችውን እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የማስቀምጣት» አለችን።

እኔ አዋሽ ላይ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ያንን ወንበር የፈለግኩትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ግን ዓይን አፋር ነኝ፤ መምህሩ ሲጠይቀኝ ድምፄ አይወጣም። እሱም ብዙ ሳይቆይ መጠየቁን ተወና «ዝምተኛዋ፣ እስቲ ውሃ» ማለት ጀመረ። መብራት ስለሚጠፋ ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለን ጓሮ ነፋስ ላይ ነው የምናቀዘቅዘው። ቀድቼ፣ ጆንያውን እንደገና አርጥቤ ስመለስ ሰሌዳው ተጠርጎ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን ጆብ እና ወርክ የሚሉ ቃላት ጻፈ።

«ሁለቱም ሥራ ማለት ናቸው። ጆብ ግን ስም ብቻ ነው። የተቀጠርሽበት ቦታ ነው፤ ይቆጠራል። ወርክ ደግሞ...» ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ውሃ።»

ደሜ ፈላ። አልተነሳሁም።

«አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። መጀመሪያ ወርክን ይጨርሱልኝ።»

«ውይ! ዛሬስ አፍ አወጣች!» ብላ አንደኛዋ አስተናጋጅ ሳቀች።

ባለሆቴሏ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን ነካሽ ልጄ? በዚህ ሐሩር ሰው ውሃ ይነፈጋል?»

«እትዬ፣ እሳቸው ሲያስተምሩ እኔ ሁሌ ጓሮ ነኝ። በየት በኩል ልቻል?» አልኳት።

እሷም ጆጉን ራሷ አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው እየተጣደፈ ጨረሰው፦ ወርክ ስምም ግስም ይሆናል፤ ስም ሲሆን አይቆጠርም፤ ደመወዝ ኖረውም አልኖረውም የሚደከምበት ሁሉ ወርክ ነው። ይህንን ስሰማ ንዴቴ ባሰ። ያ ሁሉ የጓሮ ምልልስ ማን ሥራ ብሎት ያውቃል?

መቀበያው ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠም። ውሃ መቅዳቱን ግን ባለሆቴሏ መምህሩንም ጨምራ በተራ አደረገችው። የእሱ ተራ ሲደርስ የረሳ ይመስላል። ያን ቀን ሁላችንም ጉሮሯችን ደርቆ እንማራለን፤ እኔ ግን ከወንበሬ አልነሳም።