እኩል ለእኩል የተካፈልነው ላፕቶፕ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ህሊና ናት፣ ከደጀን። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ታጠናለች። እኔ ደብረ ማርቆስ ያንኑ ስለማስተምር የቸገራትን ሁሉ ይዛ ወደ እኔ ነው።

«አክስቴ፣ ሊኑክስ ጫኑ ተባልን። ዲስኩን ከፍዬ ከዊንዶውሱ ጎን ልጫነው ወይስ ቨርቹዋል ማሽን ይሻለኛል?»

ይህን ተማሪዎቼ ሁሌም ይጠይቁኛል፤ መልሱን በቃሌ ነው የማወርደው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውሱ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ቨርቹዋል ማሽን ማለት እሱን ዊንዶውሱ ውስጥ እንደ እንግዳ ማሳደር ነው፤ ቤቱ አይነካም፣ ግን እንግዳው አቅም ይሻማል። ዲስክ መክፈል ደግሞ ለየብቻ ጎጆ እንደ መውጣት ነው፤ ይፈጥናል፣ ግን አንዱ ሲሠራ ሌላው መተኛት አለበት። ያን ቀን ግን ከመልሱ በፊት ጥያቄ ቀደመኝ።

«ላፕቶፑ የማን ነው?» አልኳት።

«የእኔና የወንድሜ።»

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነውና ከጀርባዋ የአባቷ፣ የወንድሜ የአያሌው ሳል ይሰማኛል።

እኔና አያሌውም በወጣትነታችን አንድ ላፕቶፕ ነበረን። አባታችን ከቁይ ወጣ ብሎ የሚያርስ ገበሬ ነበር፤ ወይፈኑን ሸጦ «ለሁለታችሁ» ብሎ ገዛልን። ደብረ ማርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይተን እኔ እማራለሁ፣ እሱ ሠርግ ይቀርጻል። ወይ አያሌው! ሰው ሁሉ ሙሽሮቹ ላይ ሲያፈጥ እሱ የሙሽሪትን አባት እጅ ይቀርጽ ነበር። ለምን ስለው፣ «ሙሽሮቹንማ ሁሉም ያያቸዋል» ይለኛል።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ደብረ ወርቅ ትልቅ ሠርግ ቀርጾ መጣ። ሙሽሪትን የመረቋት አያቷ በሳምንቱ ስላረፉ፣ ቤተሰቡ ፊልሙን በጉጉት ነበር የሚጠብቀው። አያሌውም ይህ ሥራ ካማረለት ስሙ ወጥቶለት የራሱን ስቱዲዮ ሊከፍት ነው። የሽማግሌውን ምርቃት ከሙዚቃው ጋር ለማስማማት ደጋግሞ ከመክፈቱ የተነሳ እኔ እንኳ ሰለቸኝ።

እኔ ደግሞ የመመረቂያ ሥራዬን የምሠራው በሊኑክስ ነው። መጀመሪያ በቨርቹዋል ማሽን ሞከርኩት። ላፕቶፑ አቅም አልነበረውምና የእኔ ሲነሳ የእሱ ቪዲዮ ቀጥ ይላል።

«አንቺ ልጅ፣ እንግዳሽ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው!»

«አንተስ? ሠርግህ መቼ ነው የሚያልቀው?»

በዚህ ስንነታረክ አባዬ በግንቦት ዝናብ ጋቢው ርሶ፣ በሶና ቅቤ ይዞ ከተፍ አለ። ቁጭ ብሎ ሁለታችንንም ሰማን። በአገሩ የመሬት ጠብ ዳኝቶ የሚያስታርቅ ሰው ስለሆነ ነገሩ ለእሱ አዲስ አልነበረም።

«ይከፈላል ወይ ይሄ ነገር?» አለ።

«ይከፈላል።»

«በቃ፣ ተካፈሉ።»

«ለእኔ ጥግ ይበቃኛል፣ አባዬ። ሰፊ ቦታ የሚፈልገው የአያሌው ቪዲዮ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።

የአባዬ ፊት ተለወጠ። «እህቴንም ‘ጥግ ይበቃታል’ ብለን ነው ድንጋያማውን መሬት የሰጠናት። እንደከፋት ሞተች። በእኔ ልጅ ይሄ አይደገምም! እኩል ለእኩል፣ በዕጣ።»

እንደ መሬት ክፍፍል ምልክት አምጡ አለን። እኔ የፀጉር መርፌ፣ አያሌው የእስክሪብቶ ክዳን ሰጠን። ማንኛው የማን እንደሆነ የማታውቀው አከራያችን የዲስኩ ሁለት ክፍሎች መጠሪያ የሆኑት ሲ እና ዲ በተጻፈባቸው ወረቀቶች ላይ አስቀመጠችልን። ዊንዶውሱ ያለበት ሲ ለአያሌው፣ ዲ ለእኔ ደረሰ።

«አያሌው፣ ቅር ያለህ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ አባዬ።»

ምን ይበል? ቦታ አይበቃኝም ቢል የእህቱን ድርሻ የሚመኝ ሊመስል ነው፤ አባት ባስጣለው ዕጣ ላይ ደግሞ አፍ አይከፈትም። ሊኑክሱ ሲጫን ዲ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ከመጫኔ በፊት እኔም «ዲ ላይ የቀረህ ነገር አለ?» አልኩት። «ምንም የለኝም፣ ጫኚ» አለኝ። ለካ የደብረ ወርቁን ሠርግ ሲ ውስጥ ማስገባት አቅቶት፣ ከጓደኛው በተዋሰው ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ገልብጦት ኖሯል። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ያንን የተዋሰውን ዲስክ ጆሮው ላይ ለጥፎ አገኘሁት። «ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አይነሳም» አለኝ። ከተማው ውስጥ ያልወሰድንበት ጠጋኝ የለም፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ደብረ ወርቅ ለይቅርታ የሄድነው ሐምሌ ላይ፣ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው። አባዬ ድንጋይ ተሸክሞ በሰው ደጅ ተንበረከከ። የሙሽሪት እናት ድንጋዩን አወረደችለትና፣ «የአባቴን ድምፅ ነበር የፈለግሁት እኮ» ብላ አለቀሰች። በመልሳችን አባዬ፣ «የሰው አደራ የሚጥል ልጅ ወለድኩ!» አለ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አያሌው ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ።

ለብቻችን ስንሆን ጮኽኩበት። «ለምን አትነግረውም?»

«ምን ብዬ? ለአንቺ ፍትሕ ሲል የፈረደው ፍርድ ነው ያጠፋኝ ልበለው? ተይው፣ እታለም።»

ካሜራውን ሸጦ ደጀን ወረደ። መጀመሪያ የጭነት መኪና ረዳት፣ በኋላ ሾፌር ሆነ። አባዬ ልጄ ዝርክርክ ነው እንዳለ ሞተ። በሁለቱም እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ አንዱ ቀና ፍርድ ፈረደ፣ አንዱ እሺ አለ፣ በመሃል ያ የመሰለ ሙያ ቀረ። የሚያናድደኝ ደግሞ በክፋት የሠራው ሰው አለመኖሩ ነው። ቢኖር ረግሜው ይወጣልኝ ነበር።

«አክስቴ፣ አለሽ?» አለችኝ ህሊና።

«አለሁ። ስሚኝ፣ የትኛውንም ከመጫንሽ በፊት ወንድምሽን ምን እንዳለው ጠይቂው። ‘ምንም የለኝም’ ካለሽ አትመኚው፤ ራስሽ ከፍተሽ እዪ።»

ሳሉ ቆመ። አያሌው፣ «እስቲ ስልኩን ስጪኝ» ሲል ሰማሁት።

«እታለም፣ የሽማግሌው ምርቃት እኮ በቃሌ አለኝ» አለኝ።

መልሴንም አልጠበቀ። ሽማግሌው ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ላይ እየቆመ፣ ድምፁን እንደ እሳቸው አጎርንኖ፣ «ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ እርስ በርስ ተሳሰቡ…» እያለ እስከ መጨረሻው አወረደው። ከአጠገቡ ህሊና «አሜን» አለች።