ልናገር ወይስ ልዝፈን

ሃያ ሦስት ዓመት ሳይደፍን ሽማግሌ ሆነ። የቲያትር ቤቱ አንጋፋ ተዋናይ ልምምድ ላይ እግሩ ተሰብሮ አልጋ ሲይዝ፣ አዘጋጁ ግራ ቀኙን ቃኘና መድረክ ከሚጠርጉት መካከል ቀጭኑን ልጅ ጠራው። «አንተ፣ ና እስቲ ጎንበስ በል!» ጎንበስ አለ። ባልደረቦቹ እስከ ዛሬ አልቀናም እያሉ ይስቁበታል። ጢም በሙጫ ተለጠፈለት፣ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ተነሰነሰ፤ «ሽማግሌው» የሚለው ስም በዚያው ጸደቀለትና እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ አርባ አራት ዓመት ሠርቷል። በቲያትር ቤቱ መዝገብ ስሙ ስልሳ ሁለት ተውኔቶች ላይ ሰፍሯል፤ በአንዱም ሙሽራ ሆኖ አያውቅም። ዳኛ ሆኗል፣ ዘበኛ ሆኗል፣ ነገረኛ አማት፣ ሰካራም፣ ሁለት ጊዜም ሬሳ። «ዋናው ተዋናይ ልጅቷን ይወስዳል፣ እኔ ሳቁን እወስዳለሁ» ይል ነበር። ድምፁም መልካም ስለነበር፣ ተውኔቱ ውስጥ ዘፈን ካለ ጥያቄ ሳይነሳ ለእሱ ይሰጣል።

አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ሰው ይለቅም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ተቀምጦ ከአንዱ አረማመድ፣ ከሌላው ሳል፣ ከሌላዋ ቦርሳ አከፋፈት ይወስዳል። ወጣቶቹ ተዋንያን እንዴት እንደሚሠራ ሲጠይቁት የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር። «ሌባ ነኝ። ግን የእኔ ስርቆት ከሌላው ይለያል፤ የሰረቅሁትን ባለቤቱ አያጣውም።»

ይህን አባባሉን ይወደው ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አምኖበታል።

አባታቸው ሲሞት ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ሰዓት ሠሪ ነበር። «ጋሼ» ነበር የሚለው። ጋሼ እጁ ወርቅ ነው፣ ምላሱ ግን ያዝ ያደርገዋል። ቃል ሲያንቀው በአውራ ጣቱ ጭኑን ይመታል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱ ይገተራል። ልጆች ሳሉ እናታቸው ሱቅ ስትልከው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጥቂት ይታገልና፣ አገጩን ቀና አድርጎ «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና» ብሎ ይዘፍነዋል። ዜማው የራሱ ነው። ሲዘፍን ምላሱ አይያዝም። ባለሱቁ የልጅ ጨዋታ ይመስለው ነበር። ምክንያቱን የሚያውቀው እጁን ይዞ አብሮት የሚቆመው ትንሹ ወንድሙ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ የቢሮ ተላላኪ ሆኖ የሚጫወትበት አንድ ኮሜዲ መጣ። ተላላኪው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው። አዘጋጁ በልምምዱ አራተኛ ቀን ተማረረ። «ይሄ ሰውዬ ጨው የለውም! አንድ ነገር አድርግበት እንጂ።» አስቦበት አልነበረም፤ እጁ ቀደመው። አውራ ጣቱ ጭኑን መታ፣ አንድ ዓይኑ ተጨፈነ፣ «ጌ-ጌ-ጌ-ጌታዬ» አለ፤ ከዚያ አገጩን ቀና አድርጎ የቀረውን ዘፈነው። በዚያው በስኳሩ ዜማ። መብራት የሚያበራው ሰውዬ ሳይቀር በሳቅ ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ደራሲው እዚያው ቁጭ ብሎ ቃሉን አሳመረለት፤ «ጌ-ጌ-ጌ-ጌታዬ፣ ልናገር ወይስ ልዝፈን?»

ለመጀመሪያው ቀን ለጋሼ አራተኛ ረድፍ ላይ መቀመጫ አስያዘለት። ደስ ይለዋል ብሎ ነበር። ወይም አይለውም ብሎ እንዳያስብ ተጠንቅቆ ነበር። ከመድረክ ላይ ፊት አይታይም፤ የሚሰማው ሳቅ ነው፣ የዚያን ቀን ሳቅ ደግሞ ጣሪያ የሚነቅል ነበር። ሲወጣ ጋሼን በኋላ በር ቆሞ አገኘው።

«እሺ ጋሼ፣ እንዴት ነበር?»

የጋሼ አውራ ጣት ወደ ጭኑ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። እጁን ኪሱ ከተተው። «ከ-ከ-ከፍ አድርገህ ጀመርከው» አለ። «ዘፈኑን።» ኮቱን ቆልፎ ሄደ።

ሽማግሌው ይህን እንደ ባለሙያ ምክር ወሰደው። ለጓደኞቹም አወራላቸው። «ሰዓት ሠሪ አይደል! አንዲት ሰከንድ አታመልጠውም!» ሳቁ። አብሮ ሳቀ።

ተውኔቱ ስድስት ዓመት ታየ፤ ኋላም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወሰዱት። «ልናገር ወይስ ልዝፈን» የከተማው ሁሉ አፍ ማሟሻ ሆነ። ሽማግሌው ጋሼ ዘንድ በሳምንት ይመላለስ የነበረው በወር፣ ቀጥሎም ሲመቸው ሆነ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሰዓቱን ለጥገና ትቶለት ወጣና አልተመለሰም። ልምምድ በዝቶብኝ ነው ይል ነበር። አንድ ጊዜ ግን የጋሼ ሱቅ ያለበት መንገድ ላይ ደርሶ፣ ልጆች በሩ ላይ ቆመው «ጌ-ጌ-ጌ» ሲሉ ሰምቶ፣ ከመታጠፊያው ሳያልፍ ተመልሷል።

ጋሼ በክረምቱ ሞተ። ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ሙያውን የወረሰችው ልጁ ደወለች። «አጎቴ፣ ሰዓትዎ እዚህ ነው። ይምጡና ይውሰዱት።»

ሱቁ እጅ ቢዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ ያስነካል። አንገቱ የተቆለመመ መብራት፣ ክብሪት ሳጥን የሚያካክሉ መሳቢያዎች፣ እያንዳንዱ ሰዓት ላይ በክር የታሰረ ወረቀት። ባንኮኒው ላይ ከማርጀታቸው የተነሳ ጠርዛቸው የተላጠ ካርዶች ተደርድረዋል፤ «ማክሰኞ ይምጡ»፣ «መስታወቱ ነው»፣ «አይሠራም፣ አዝናለሁ»። ጋሼ ደንበኞቹን የሚያነጋግረው በእነዚህ ነበር።

የእሱ ሰዓት ላይ የታሰረው ወረቀት «የወንድሜ። ማርሽ ተቀይሯል። ደርሷል» ይላል። ከሥሩ ስምንት ቀኖች ተጽፈዋል፣ በየዓመቱ አንድ። ከእያንዳንዱ ቀን ፊት ለፊት፦ «ዘይት ተቀባ። አልመጣም።»

ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው። ወደ ካርዶቹ ዞረ። «ካርዱን ምን አስመረጠው? ድሮ እኮ ሲከብደው ይዘፍነው ነበር።»

ልጅቷ ወረንጦዋን አስቀመጠች። «ማን?»

«አባትሽ ነዋ።»

«አባዬ?» ሳቀች። «አጎቴ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብዎታል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አባዬ እንኳን ሊዘፍን ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።»

ሽማግሌው ሂሳብ የሚገባው ሰው አይደለም፤ ይህኛው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ሠላሳ ሁለት ሲቀነስ ሠላሳ አንድ። ባለቤቱ አጥቶታል። የተሰረቀው ምላሱ የሚያዝበት ነገር አልነበረም፤ ማምለጫው ነበር። ዘፍኖ ቢያመልጥ ከተማው ሁሉ በወንድሙ ቀልድ ይጠራዋል፤ ስለዚህ አልዘፈነም።

አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷ ትንሿን መፍቻ በጣቶቿ እያሽከረከረች ሰማችው።

«ትምህርት ቤት ሳለሁ እኔም ያንን ቀልድ እለው ነበር» አለች በመጨረሻ። «እራት ላይ። አባዬ ፊት። አንድ ቀን እንኳ ተይ አላለኝም።»



«በሚቀጥለው ወር የቲያትር ቤቱ ሃምሳኛ ዓመት ነው» አላት። «ያቺን ትዕይንት እንድሠራት ጠይቀውኛል። ነይ። ቀጥ አድርጌ እናገረዋለሁ። ሳልንተባተብ፣ ሳልዘፍን። እመልስለታለሁ።»

«ይህ ደግሞ እንዴት ይመለሳል?» አለችው። ግን መጣች።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አዳራሹ ሞልቶ ልጆች ጭን ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው የተላላኪውን ቆብ አድርጎ ሲወጣ ገና ሳይናገር ተጨበጨበለት። እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ልናገር ወይስ ልዝፈን?»

አዳራሹ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው የረሳ መስሎት ሊረዳው ፈለገ። «ጌ-ጌ-ጌ…» ሌላው ተቀበለ። ከዚያ ሁሉም፣ ሰባት መቶ ሰው፣ ጭኑን በአውራ ጣቱ እየመታ፣ በፍቅር አንድ ዓይኑን እየጨፈነ፣ «ጌ-ጌ-ጌ-ጌታዬ!» አለ። ዘፈኑንም እነሱ ዘፈኑት፤ እሱ እንዳስተማራቸው፣ ከፍ አድርገው።

አለቃውን የሚጫወተው ተዋናይ በከንፈሩ ጫፍ «ሽማግሌው፣ ምን ነካህ? ስጣቸው እንጂ!» አለው። የሚሰጠው አልነበረውም፤ ሁሉም በእነሱ እጅ ነበር። መጋረጃው እስኪዘጋ ቆመ። ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ልጅቷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ መጣች። ከመስታወቱ ፊት ተቀምጦ ፀጉሩን እየጠረገ ነበር፤ ዱቄት ከተወ ግን ብዙ ዓመቱ ነው።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«እኔ ከአባዬ ይቅርታ ያልጠየቅሁ፣ ለእርስዎ የማድለው ከየት አመጣለሁ?» የልብስ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ግን ያድርጉልኝ። ከእርስዎ በቀር የሰማው የለም። የስኳሩን ይዝፈኑልኝ። እንደ እሱ።»

ጀመረ። የመድረኩ ድምፅ ወጣ። አቆመና ዝቅ አድርጎ ጀመረ፤ «ግማሽ ኪሎ ስኳር» ላይ ሲደርስ ራሱን ሳቅ ሲጠብቅ አገኘው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሳቀበት ቦታ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም።

«አባዬ እንዲህ ከፍ ያለ ድምፅ አልነበረውም» አለች ልጅቷ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና እያዳመጠች። «እንደገና።»

እጁን ዘረጋ፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው እጅ የሚይዝ ይመስል። ከዚያ እንደገና ጀመረ።