ፕሮክሲው አልነሣም ያለ ዕለት

የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ባደረ ማግስት የሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲመለስ በኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ያለው ዕቃ ሁሉ አብሮት ነቃ። ኮምፒውተሮቹ ተነሡ፣ የጣሪያው ማራገቢያ ዞረ፣ በሩ አጠገብ ያለው የውሃ ማቀዝቀዣም ማጉረምረሙን ጀመረ። አልነሣም ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም በእኔ ኃላፊነት ያለው ፕሮክሲ።

ፕሮክሲ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው፣ በር ላይ የቆመ ተላላኪ ነው እላለሁ። ከኮምፒውተሮቻችን አንዱ ከኢንተርኔት የሆነ ነገር ሲፈልግ ራሱ አይወጣም፤ ለተላላኪው ይነግረዋል፤ ተላላኪው ወጥቶ ያመጣለታል። አንዴ ያመጣውን ደግሞ አይጥልም፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሲጠይቅ ከጓዳ ያወጣለታል። ማን በስንት ሰዓት እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚጠብቅ የሚወስነውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ግን ከራሱ አያመጣውም። ሰው የጻፈለት ፋይል አለው፤ ሲነሣ አንድ ጊዜ ያነበዋል፣ ከዚያ በኋላ እስኪጠፋ ድረስ ባነበበው ይኖራል።

የእኛን ፋይል የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው። ምድር ባቡር ሲሠሩ ከኖሩ አባት የተወለደ፣ ከዚራ ሰፈር አድጎ እዚያው ከዚራ ያረጀ ሰው ነው። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጡረታ የወጣው ባለፈው ጥር ነው። ጋሼ እያልን አንተ እንለዋለን። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አያስኬድም፤ ሽማግሌውም ቢሆን አንቱ ሲሉት ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል።

ፋይሉን ባነበብኩት ቁጥር እሱን የማየው ይመስለኛል። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በላይ ፕሮግራሙ ዘሎት የሚያልፍ፣ ለሰው ብቻ የተጻፈ አንድ የአማርኛ መስመር አለ። «ከስድስት እስከ ዘጠኝ ድሬ ትተኛለች፤ ከባድ ከባዱን ያን ጊዜ አውርድ» ይላል አንዱ። «ፈተና ሲደርስ ቪዲዮ ይዘጋ፤ ይሰድቡናል፣ ግድ የለም» ይላል ሌላው። የዓመታት ሥራ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት አስነሣሁት። አንድ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሞተ። ደግሜ አስነሣሁት፣ ደግሞ ሞተ። የእኛን ፋይል አንሥቼ ፕሮግራሙ ሲጫን ይዞት የመጣውን ፋይል ሳስቀምጥለት ግን ምንም ሳይል ተነሥቶ መሥራት ጀመረ። ስለዚህ ተላላኪው ደህና ነው፤ የሚያሳምመው የእኛ ፋይል ነው።

የኮሌጁ ዲን መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ከደጋ የመጣ ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣውም። የሆነውን ነገርኩት። «እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው» አለ በለሆሳስ። «ግን መጨረሻ አካባቢ ደክመው ነበር። የሆነ ነገር አበላሽተው ሄደው ይሆናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተነሣልሽ የእሳቸውን ፋይል ተይውና በዚህኛው ሥሪ።»

ተናደድኩ። የተናደድኩት ግን ሐሰት ስለተናገረ አልነበረም። በመጨረሻዎቹ ወራት ጋሼ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሩን ሲፈልግ አይቻለሁ። የዕቃ ክፍሉን በር ሳይቆልፍ ሄዶ «እኔ ነኝ የረሳሁት» ብዬለታለሁ፤ ሌላ ጊዜም አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሁሉ በስህተት አጥፍቶ ጥፋቱን በራሴ ላይ አድርጌአለሁ። እኛ ጋ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ትንሹ ይሸፍናል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እና ዲኑ ሲናገር እኔም በልቤ፣ ምናልባት፣ ብዬ ነበር።

ደግሞ እኔ ምክንያቱን ያላወቅኩት ችግር በራሱ ሲወገድ ደስ አይለኝም። ፋይሉን ጥሎ መገላገል ይቻላል፤ ግን ምን ነበር? መብራት ሳይጠፋ ይሠራ የነበረ ፋይል ዛሬ ለምን ይገድላል?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነው። ድንገት ሲቋረጥ ፋይሉ ተቆርጦ ቀርቶ ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ሙሉ ነው። ቀጥሎ የጠረጠርኩት ፈቃዱን ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ለመክፈት ተከልክሎ እንደሆነ አየሁ፤ አልተከለከለም። ከዚያ መቁረጥ ጀመርኩ። ከፋይሉ የተወሰነውን ክፍል እንዲዘለል አድርጌ አስነሣዋለሁ፤ ሲሞት ሌላ ክፍል እጨምራለሁ። በየዙሩ የማጠፋው ግን የጋሼን ነበር። ታች መጨረሻ ላይ ያለውን የራሴን መስመር አንድም ጊዜ አልነካሁትም።

የእኔ መስመር ለክረምት ተማሪዎቹ የጻፍኩት ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቢዮ አዋሌና ከዙሪያው ገጠር መምህራን ለክረምት ትምህርት እኛ ጋ መጡ። ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋቱ በመኪና ይገባሉ፤ አናት የሚበሳው ሰዓት ሳይደርስ ይመለሳሉ። ቤተ መጻሕፍቱን ለእነሱ ስንል ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምረን እንከፍታለን። በዚያ ሰዓት ኢንተርኔቱ ለእነሱ ይቅደም የሚል ትእዛዝ ከሁለት ሳምንት በፊት ጨመርኩ። ከመካከላቸው አንዷ መምህርት በማግስቱ መጥታ ኢንተርኔቱ እንደፈጠነላቸው ነግራ መርቃኝ ሄደች። በምርቃት የጸደቀ መስመር ማን ይጠረጥራል?

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ድሬ በዚያ ሰዓት ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። እኔ ሰባት ሰዓት ላይ የጋሼን በር ላንኳኳ ሄድኩ።

በመስኮቱ በኩል ድምፁ ይሰማል። የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ይቆጥራል፤ «ሽንሌ... አዲጋላ... አይሻ... ደወሌ...» ይላል። ከሬዲዮ የሰማውን የሚደግም መሰለኝ። ሳንኳኳ ቆመ። ሽርጡን እንዳገለደመ ከፈተልኝና ከማራገቢያው ሥር አስቀመጠኝ። የሆነውን ነገርኩት፤ የዲኑን ነገር ግን ተውኩት። «ምናልባት እርስዎ የሚያስታውሱት ነገር ካለ ብዬ ነው» አልኩ መጨረሻ ላይ።

«ዛሬ ምነው አንቱ ተባልኩ?» አለ።

ቃሉ ከዲኑ አፍ ተጋብቶብኝ ይሁን ከራሴ ሐዘኔታ፣ ዛሬም አላውቀውም። እሱ ግን እንደጠረጠርነው ገባው። ዲኑ ስለ እሱ ምን እንዳለ አልጠየቀኝም። ፋይሉን የነካ ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩት። ያን ስል የራሴን መስመር አላሰብኩትም፤ አልዋሸሁም፣ ዋሸሁ። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «እንግዲያው ተነሥ እያልሽ አትምቺው» አለኝ። «አንብብልኝ በይው። ሳይነሣ ፋይሉን ብቻ እንዲያነብ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ። የሚያንቀውን ቃል ራሱ ያሳይሻል።»

ትእዛዙን በወረቀት ጻፈልኝ። በሩ ድረስ ሸኝቶኝ፣ «ያገኘሽውን ንገሪኝ፤ ምንም ይሁን» አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ማንም በሌለበት ቤተ መጻሕፍት ትእዛዙን ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከላይ ጀምሮ አነበበ፤ የጋሼን መስመሮች ሁሉ አለፋቸው፤ ታች ደርሶ ቆመ። የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ የሰዓቱ ክልል ተገልብጧል አለኝ። መስመሩ የእኔ ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለእኔ ነበር።

መጀመሪያ ከፕሮግራሙ ጋር ተጣላሁ። ምኑ ነው የተገለበጠው? ከ12:30 እስከ 5:30 ብያለሁ። መምህራኑ አሥራ ሁለት ተኩል ይገባሉ፣ አምስት ተኩል ይወጣሉ፤ እውነት ነው፣ በዓይኔ አየዋለሁ። ከዚያ ወደ ላይ ሄጄ የጋሼን አየሁ። «ከስድስት እስከ ዘጠኝ ድሬ ትተኛለች» ካለው ሥር ለፕሮግራሙ የጻፈለት ከ12:00 እስከ 15:00 ነው። ለሰው በእኛ ሰዓት፣ ለፕሮግራሙ በፈረንጅ ሰዓት። እኔ ለሁለቱም በእኛ ነግሬአለሁ። ለፕሮግራሙ 12:30 ቀትር አልፎ ነው፤ 5:30 ደግሞ ገና ሳይነጋ። ከቀትር ጀምረህ በዚያው ቀን ንጋት ጨርስ ስለው ጊዜ ይህ አይሆንም ብሎ ሞተ።

ታዲያ ሁለት ሳምንት እንዴት ሠራ? አልሠራም። መስመሩን የጨመርኩ ዕለት ሰው እየተጠቀመበት ስለነበር ነገ አጥፍቼ አስነሣዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ተላላኪው በድሮው ንባቡ ሲኖር ቆይቶ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ገና ያን ጊዜ አዲሱን አነበበ። መምህርቷ የመረቀችኝ ጨርሶ ባልሠራ ትእዛዝ ነው። ኢንተርኔቱ የፈጠነላቸው በዚያ ሰዓት ሌላው ሰው ሁሉ ገና ከቤቱ ስላልወጣ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መምህራኑ ግማሽ ሰዓት ዘግይተው ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የሚገቡ ቢሆን ኖሮ፣ ከ1:00 እስከ 5:30 ብዬ እጽፍ ነበር። ፕሮግራሙ እሺ ብሎ ይነሣ ነበር፤ በየሌሊቱም ለባዶ ወንበሮች ቅድሚያ ሲሰጥ ይኖር ነበር። ማንም አያውቅም። ስህተቴ የተያዘው የድሬ ሙቀት ሰውን በማለዳ ስለሚያስነሣ ብቻ ነው።

ሰዓቱን ከ06:30 እስከ 11:30 ብዬ አስተካከልኩ። ተነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲኑ ሲመጣ ፋይሉ ከነሙሉ መስመሩ ይሠራል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የጋሼ እንዳልነበረ ነገርኩት። «ዋናው መሥራቱ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። እንዳላመነኝ ገባኝ።

ከሥራ ስወጣ፣ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ፣ ጋሼ ጋ ተመለስኩ። በረንዳው ላይ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። ገና ሳልቀመጥ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አንተ አይደለህም» አልኩት።

«ልጄ፣ አትሸፍኚኝ» አለ። «የዕቃ ክፍሉን በር ማን እንዳልቆለፈው አውቅ ነበር። ያ ኮምፒውተርም በማን እጅ እንደጠፋ አውቃለሁ። ሰው ደግ ሲሆንልሽ ዝም ትያለሽ። ይሄኛውን ግን ንገሪኝ፤ ይሄን ማወቅ አለብኝ።»

ሁለት ጊዜ የዋሸሁለት እኔ፣ ሦስተኛውን እውነት ይዤ መጥቼ የሚያምነኝ አጣሁ። ምዬ ልነግረው ነበር፤ ግን መሐላማ የሸፈንኩትም ጊዜ ምያለሁ። ያን ጊዜ ከማስተካከሌ በፊት ያተምኩትን የፋይሉን ገጽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። የራሴን መስመር በእስክሪብቶ አክብቤበታለሁ። ከላዩ፣ ከእሱ የተማርኩትን ልማድ ተከትዬ፣ በአማርኛ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ለቢዮ አዋሌ መምህራን፤ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አምስት ተኩል።»

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቁጥሮቹን በልቡ ሲገለብጥ ይታያል።

«እነዚህ መምህራን መቼ ነው እናንተ ጋ የመጡት?»

«በዚህ ክረምት።»

«እኔ የወጣሁት በጥር ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«በጥር ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «አቦ፣ ይቺማ የጀማሪ ስህተት ናት» አለኝ፤ ሰው ስጦታ ሲቀበል በሚናገርበት ድምፅ። አባቱ ለባቡሩ በፈረንጅ ሰዓት፣ ለቤቱ በእኛ ሰዓት ይኖሩ እንደነበር፣ እሱም በልጅነቱ ምሳቸውን ባቡሩ ከሄደ በኋላ አድርሶ እንደተገረፈ አወራኝ። እኔም ሳቅኩ፤ እየሳቅኩ ግን አለቀስኩ።

ገጹን ልወስደው ስል ያዘው። እንድተውለት ጠየቀኝና አራት አጥፎ መነጽሩ ማስቀመጫ ውስጥ ከተተው።

ስነሣ ቀን የሰማሁትን ጠየቅኩት፤ በመስኮት ሲቆጥር የነበረው ምን እንደሆነ። ትንሽ አፈረ። ያ ኮምፒውተር ላይ ያለውን በስህተት ካጠፋበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከድሬ እስከ ጅቡቲ ያሉትን የባቡር ጣቢያዎች ለራሱ ይቆጥራል፤ አንዱን የዘለለ ቀን ጭንቅላቱ እንደሄደ ሊያውቅ ነው። ያን ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ሳንኳኳ ሦስተኛ ዙሩ ነበር።

በሩ ድረስ ሸኘኝ። «ነገ አልቆጥርም» አለ።