እስኪጎድል የፈላ ውሃ

እህቴ በወለደች በወሩ ጡቷ ደረቀ። ልጅቷን በዱቄት ወተት ማሳደግ ግድ ሆነ፤ ወተቱን መበጥበጥ ደግሞ የእኔ የታላቅየዋ ሥራ።

ሰማንያዎቹ መገባደጃ ላይ ሀና ማርያም እኛ ሰፈር ቧንቧ አልገባም ነበር። እኛም ጎረቤቱም የምንጠጣው ከአከራያችን ጉድጓድ ነው። አከራያችን ገበሬ ነበሩ፤ ከጉድጓዱ በላይ ጎመንና ድንች ይዘራሉ፣ ማዳበሪያ ይበትናሉ፣ ትል ሲመጣ መድኃኒት ይረጫሉ። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነበር፤ ማን ይጠርጥር?

አንዲት የጤና ሠራተኛ መጥታ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ብላን ሄደች። እኔ ደግሞ የነገሩኝን እጥፍ አድርጌ ካልሠራሁ አይሆንልኝም። ወጥ የሚጥመው ቆይቶ ሲንተከተክ ነው ብዬ ውሃውንም ግማሹ እስኪጎድል አፈላው ነበር። ድስቱ ግርጌ ነጭ ነገር ሲጋገር፣ ቆሻሻው ተያዘ ብዬ ደስ ይለኛል። ጎረቤቱንም አስተማርኩ። ጅል ነበርኩ።

በሦስተኛ ወሯ የልጅቷ ከንፈር ጠቆረ፤ ጥፍሯም። ብርድ ነው ብለን በጋቢ ጠቀለልናት። ሲብስባት ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ አስተኛትና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ስለ ውሃው ጠየቀኝ። በኩራት ነገርኩት።

«ደሟን የመረዘው ከእርሻው ወደ ጉድጓዱ የሰረገው ማዳበሪያ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እሱን አያወጣም» አለኝ። «ውሃው በጎደለ ቁጥር ማዳበሪያው ይበረታል።»

ታዲያ በምን ይወጣል አልኩት። የሚያወጣው መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም፣ ሌላ ውሃ ፈልጉላት አለ። በማግስቱ ጠዋት ጄሪካን ይዤ እስከ ነፋስ ስልክ ሄድኩና ቦኖ ተሰልፌ ቀዳሁ። ስመለስ ለቅሶው ከበራችን ተሰማኝ፤ ልጅቷን ከክሊኒክ ሞታ አምጥተዋት ነበር። ያ ሁሉ መንገድ የተሸከምኩት ውሃ ለለቀስተኛ ንፍሮ ተቀቀለበት።

ሕፃን ላላቸው ጎረቤቶች ከቦኖ ቅዱ አልኳቸው፤ የማፍላቱን ነገር ግን አፍሬ አላነሳሁም። ቦኖው ሩቅ ነው፣ ማን ይመላለሳል? እዚያው ጉድጓድ ላይ ቀሩ፤ እንዳስተማርኳቸውም ያፈላሉ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ቤት ተገላብጧል። እህቴ የልጇን ነገር ባነሳች ቁጥር እኔን ትመርቀኛለች።

«እትዬ፣ አንቺስ ደክመሽላታል» ትለኛለች። «አንድ ቀን እንኳ ያልፈላ ውሃ አላቀመስሻትም።»

አላቀመስኳትም፣ እላታለሁ።