ወንበር የተሸከመው ሰውዬና ግማሽ ፊቴ

ሕመሙ የጀመረኝ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ስጠጣ ነው። ሾርባው በግራ ከንፈሬ በኩል ወጥቶ አገጬ ላይ ፈሰሰ። ጠረግኩት። ደግሜ ፉት አልኩ፤ ደግሞ ፈሰሰ። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ጓደኞቼ «ምነው ዛሬ እንደ ሕፃን ትዝረከረካለህ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፊቴን ሲያዩ የእነሱ ሳቅ ቆመ።

ከዋዜማው ጀምሮ ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ያመኝ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ቤት ገብቼ መስታወት አየሁ። ግራ ፊቴ ወርዷል። ግንባሬ በዚያ በኩል አይሸበሸብም። ዓይኖቼን ልጨፍን ሞከርኩ። ቀኙ ተጨፈነ። ግራው እምቢ አለ። ፈራሁ።

እዚያው ከተማችን ውስጥ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ፀጉር ቤት ነበረኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልይ ነበር። በሰፈራችን የሰው ፊት እንዲህ ሲጣመም ገሚሱ ምች ነው ይላል፤ ገሚሱ ሰይጣን በጥፊ መታው ይላል። ምች ቢሉኝ ግድ አልነበረኝም፤ ዳማ ከሴ ታሽቼ እተኛለሁ። ጥፊው ግን አሳፈረኝ። ጠዋት ማታ የሚጸልይ ሰው ሰይጣን ካጮለው ጸሎቱ ምን ነበር ሊባል ነው።

ፀጉር ቤቱን ዘጋሁ። ባለቤቴ ማርታ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለኝ «መጀመሪያ ይጸለይልኝ» እላታለሁ። የጸሎት ወንድሞቼ ሊጸልዩልኝ ሲመጡ ደግሞ «ተኝቷል በያቸው» እላታለሁ። እንዲህ ስል ቀናት አለፉ፤ ዓይኔ ደረቀ። ቀላ። አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረኝ። ያኔ ማርታ ሳትጠይቀኝ ጋሪ ጠርታ መጣች።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። እጆቼን አስነሳኝ፣ አስኬደኝ፣ አናገረኝ።

«ስትሮክ አይደለም፤» አለ። «የፊት ነርቭ ነው፤ ፋሻል ፓልሲ ይባላል። አብዛኛው ሰው ይድናል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት የሚጠቅመው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው። ለምን ዘገየህ?»

ሰይጣን የመታኝ መስሎኝ ነው ማለት አቃተኝ። «ሥራ በዝቶብኝ» አልኩት። ማርታ አንገቷን ደፋች።

ለዓይኔ ቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠኝ፤ ስተኛ በፕላስተር እንድዘጋው ነገረኝ። «በየቀኑ መስታወት ፊት ቆመህ ቀስ እያልክ ፈገግ በል» አለ። እኔ ደግሞ የሸሸሁት መስታወቱን ነው። ፀጉር ቤት የሚቀመጥ ሰው ሁለት ፊት ያያል፤ የራሱንና ከኋላው የቆመውን የእኔን። ስለዚህ የፀጉር ቤቴን ትልቅ መስታወት አንሶላ አልብሼው ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማርታ ፊልም እንይ አለችኝ። «ጨለማ ነው፤ ማን ያይሃል?» አለች። አዳራሹ መብራት እስኪያጠፋ ደጅ ጠብቄ፣ ፊቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ገባሁና ግራ ጎኔን እሷ ይዛልኝ ተቀመጥን። ፊልሙ ከሶሻሊስት አገሮች ከሚመጡት አንዱ ነው፤ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ቋንቋውን አለማወቃችን አልቸገረንም። አንድ ሰውዬ ገበያ ወንበር ይገዛና ተሸክሞት ወደ ቤቱ ይጓዛል። ሲደክመው መንገድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሊቀመጥበት ሲል ግን አንዲት አሮጊት ትመጣና አመስግና ትቀመጥበታለች። እሱ ባርኔጣውን ይዞ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል። ወረድ ብሎ ደግሞ ፖሊስ ይቀመጥበታል። የራሴን ወንበር መልሱልኝ ማለት የሚያፍር ሰው ነው። የሚወድቅ የለም፣ የሚሯሯጥ የለም፣ ማንም ማንንም በጥፊ አይመታም። ጦርነት ያለበት ፊልም የጠበቁት እያጉረመረሙ ወጡ። እኔ ግን ሰውዬውን ወደድኩት፤ አፋር ሰው እንዲህ ሊወደድ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ፊልሙ ሳቁ ብሎ ስለማይጎተጉት፣ ሳላውቀው ፈገግ እንዳልኩ ቆየሁ።

የአዳራሹ ማሽን አንድ ብቻ ስለሆነ መሐል ላይ የፊልሙ ጥቅል ሲቀየር መብራት ይበራል። ይህን ረስቼዋለሁ። በራ። ሻርፑ አንገቴ ላይ ወርዷል። ከፊታችን የነበሩት ጋሽ ሁሴን፣ ጨርቅ ነጋዴው ደንበኛዬ፣ ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቆባቸውን አነሱ። ፀጉራቸው ጆሯቸውን ሸፍኗል።

«አንተን ስጠብቅ ጎፈሬ አበቀልኩ» አሉ። «መቼ ነው የምትከፍተው?»

«ጋሽ ሁሴን፣ ፊቴን አያዩትም?» አልኩ፤ ከቃሉ ጋር ምራቄ ወጣ።

«አየሁት እንጂ። ነገ ልምጣ?»

መብራቱ ጠፋ። ሰውዬው ቤቱ ደርሶ ከሚስቱ ጋር አንቺ ተቀመጪ፣ አንተ ተቀመጥ ሲባባሉ፣ ሁለቱም እንደቆሙ ፊልሙ አለቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ማርታ «ወንድሞችም እንደ ሰውዬው ቆመው ነበር» አለችኝ። ተኝቷል ባለቻቸው ቁጥር አጥሩ ሥር ቆመው በሹክሹክታ ጸልየውልኝ ነበር የሚሄዱት። ጸሎት በሚያሳስርበት በዚያ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያያቸው። እኔ ውስጥ ትራስ ፊቴ ላይ አድርጌ ነበር። ከሕመሙ ሁሉ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

ፊልሙ ፈወሰኝ አልላችሁም። ከንፈሬ መንቀሳቀስ የጀመረው ሳምንታት ቆይቶ፣ መስታወት ፊት ሰውዬውን እያሰብኩ ፈገግ ማለት ስለማመድ ነው፤ ዛሬም ስስቅ ግራ ዓይኔ ይጠባል። ሐኪሙን፣ ማርታንና ጋሽ ሁሴንን አመሰግናለሁ። ፊታችሁ በአንድ ጎን ከወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እጅ ወይም እግር አብሮ ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ ደግሞ ቅጽበት አትቆዩ። ዓይናችሁን ጠብቁ። ሊጠይቃችሁ የመጣን ሰው ተኝቷል አታስብሉ።

የከፈትኩበትን ቀን ልንገራችሁና ላብቃ። ጠዋት አንሶላውን አነሳሁ። ጋሽ ሁሴን ተቀምጠው ግማሹን እንደቆረጥኩ ወንድሞቼ የሚቆረጥ ፀጉር ሳይኖራቸው አንድ በአንድ ገቡ። ጋሽ ሁሴን አዩዋቸው፤ ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ ተነሥተው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በሩ ላይ ቆሙልን። ወንድሞቼ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመሩ። የእኔ ግራ ዓይን አልጨፈን ስላለ በመስታወቱ ሁሉንም አየኋቸው። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊቴን የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በቀር።