ከጋሽ ማሩ ጋር የቤዝ ሳጥን ስንሠራ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ማክሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት ማራኪ በሚባለው ሰፈር አልጋና ቁም ሳጥን እሠራ ነበር። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የመኪና ቴፕና ስፒከር የሚገጥመው ጋሽ ማሩ አናጺ እንደሚፈልግ የነገረኝ የእንጨት ማጣበቂያ ኮላ የሚሸጥልን ነጋዴ ነው። የቤዝ ሳጥን፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር የሚቀመጥበት፣ ያው ሳጥን ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ማሩ ስሜን እንኳን በደንብ ሳይጠይቀኝ ወፍራም ጣውላና የሳጥኑን ልክ ሰጠኝ። ምሳ ሳልበላ ጨረስኩት። ማዕዘኑ ልክ፣ ገጹ የተላገ፣ ለዓይን የሚያምር ሳጥን ነበር። ጋሽ ማሩ ስፒከሩን አስገብቶ ከፈተውና መዳፉን በየመጋጠሚያው ላይ ቀስ እያደረገ አስኬደው። ከታች ጥግ ላይ ሲደርስ እጄን ይዞ እዚያው አስቀመጠው። ቀጭን ንፋስ ይመታኛል።

«ቁም ሳጥን ልብስ ነው የሚይዘው» አለኝ። «ይሄ አየር ነው የሚይዘው። አየሩ ካመለጠ ሥራው የለም።»

ፈታታሁት። በኮላና በሲሊኮን እንደገና ገጠምኩት። ደመወዝ የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ማሩ ሳጥን ከመምረጡ በፊት ደንበኛውን መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ከጎኑ ይቀመጥ ነበር። «የምትሰማውን ክፈትልኝ» ይለዋል። ሰውየው ስለ ዋት ሲያወራ፣ ጓደኛው ያስገጠመው እንዴት ሰፈር እንደሚያናውጥ ሲያወራ፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ የዕቃ መጫኛውን ይለካል። ከዚያ ስፒከሩን ገልብጦ ያያል። ሳጥኑን የሚወስነው በመጨረሻ ነው።

ሁለት ዓይነት ሳጥን ነው በብዛት የምንሠራው። አንዱ ዝጉ ነው። አየር አያስወጣም፣ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ ከበሮው አንዴ ሲመታ አንዴ ብቻ ይሰማል። ሌላው ባለ ቀዳዳ ነው። በቱቦ ይተነፍሳል፣ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ በዚያው ጉልበት ከዝጉ ይበልጥ ይጮሃል። የሳጥኑና የቱቦው ልክ ከተሳሳተ ግን አንዱ ምት ከሌላው ይደባለቅና እንደ በሬ ያጓራል። ወጣቶቹ ሁሉ ባለ ቀዳዳውን ነው የሚጠይቁት። ጋሽ ማሩ ከሦስት ሁለቱን አሳምኖ ዝግ ይሠራላቸው ነበር።

አቶ ዘመነ የሚባሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ መኪናቸው ውስጥ በገና ብቻ ነው የሚሰሙት። «ቤዝ ለበገና ምን ይሠራል?» ብዬ ሳቅሁ። ጋሽ ማሩ አልሳቀም። ትንሽ ዝግ ሳጥን ከሾፌሩ ወንበር በታች ሠራንላቸው። ሲከፈት የበገናው አውታር አንድ በአንድ ሲነዝር ይሰማል። አቶ ዘመነ መሪውን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ማሩም ጨፈነ። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ሁለቱን አየሁ።

ሌላ ጊዜ አንዲት ነርስ መጣች። የእናቷን ተሽከርካሪ ወንበር ስለምትጭን ከኋላ አንድ ስንዝር ቦታ መልቀቅ አልቻለችም። ጋሽ ማሩ ከጎማው በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ አየው። ቅርጹ በሜትር አይለካም። ከቤቱ ሽንብራ አስመጣ፤ ላስቲክ አንጥፎ ሞላውና መልሶ በሊትር ሰፈረው። በዚያ ልክ ሳጥኑን ሠራን። ሽንብራውን ባለቤቱ እትዬ ጠጄ ሽሮ አደረገችው። «ማኪና ማኪና ይላል» እያለች ነው ያበላችን።

ስንሞክር በሩን ዘግተን ነው። መስታወቱን እንዘጋለን፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ እንከፍታለን፣ የትኛው ፕላስቲክ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የቱ ብሎን እንደላላ እናዳምጣለን። ከመኪናው ስንወጣ ጆሯችን ውስጥ ፉጨት ይቀራል። ሳንነጋገርበት የጥሩ ሥራ ምልክት አድርገነው ነበር። ዓመታት እንደዚህ አለፉ።

አቶ ዘመነ መኪና ቀይረው ሲመለሱ ጋሽ ማሩ ሳይቀመጥ፣ ሳያዳምጥ፣ «ለዚህ ባለ ቀዳዳ ነው» አለ። ሠራነው። ሲከፍተው ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። አቶ ዘመነ አመስግነው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ማሩ ባንክ በሄደበት ሰዓት መጡና አጠገቤ ዝቅ ብለው፣

«ፈንታ፣ በገናው ከበሮ ሆነብኝ» አሉ። «ለጋሽ ማሩ እንዳትነግርብኝ። ቅር እንዳይለው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይታየኝ ጀመር። ጋሽ ማሩ ሁሉንም ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚለቀው። ለሁሉም ሰው ሳጥኑ ባለ ቀዳዳ ሆነ። ከጀርባው ስጠራው አይዞርም። ደንበኞች እየተመለሱ ራሳቸውን እንዳዞራቸው ለእኔ ይነግሩኛል።

እትዬ ጠጄን ጠየቅኋት። ታውቃለች።

«በር ቆመን ስናንኳኳ አይሰማም» አለችኝ። «ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማው ነው የሚለቀው።»

«ንገሪው!»

«ነገርኩት እንጂ። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል አለኝ።»

እኔም ነገርኩት። ፊት ለፊት፣ ሌላ ሰው በሌለበት። «ጋሽ ማሩ፣ ጆሮህን ብትታይ ምን ይመስልሃል?» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «አንተ አናጺ ነህ» አለኝ። «እንጨትህን ቁረጥ።» እንደዚያ ተናግሮኝ አያውቅም ነበር። እንጨቴን ቆረጥኩ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ልጁ ትርንጎ ተዳረች። ያለችው ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት። የሙሽሮቹን መኪና ሙዚቃ ማንም እንዳይነካብኝ አለ። ከዘመድ የተዋሰውን መኪና ሥራ ቤት አስገብቶ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቆመ።

«ሙሽሮች ናቸው፤ እርስ በርስ ያውሩበት። ዝግ ይሻላል» አልኩት በምልክት ጭምር።

«ልጄ እኮ ናት» አለኝ። «ከተማው ይስማ እንጂ!»

ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ባለ ቀዳዳ ሳጥን፣ የኋላውን ኮፈን ሙሉ። ሳጥኑ የሚለበስበትን ሞኬት ራሱ ቆርጦ ራሱ ለበጠው። እንደዚያ ያማረ ሳጥን ሠርተን አናውቅም። ከሠርጉ በፊት ትርንጎ ልትሰማው መጣች። የፊት ወንበር ላይ አስቀምጧት ከፈተው። ትከሻዋ ሲሸማቀቅ አየሁ። ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መካከል ጨምቃ ያዘች፤ ወደ ጆሮዋ እንዳይሄዱባት መሰለኝ።

«እንዴት ነው?» አላት።

አየችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ሸጋ ነው አባዬ» አለችው፤ እንዲገባው አንገቷን እየነቀነቀች።

የሠርጉ ዕለት መኪናው ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሙዚቃው ተከፈተ። ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ። ከመኪናው ኋላ የቆሙት ሴቶች ጆሯቸውን በነጠላቸው ይዘው ይሳሳቃሉ። ጋሽ ማሩ ኮፈኑ መዘጋቱን ለማየት ወደ ኋላ ዞረ። ታርጋው ብሎኑ ላይ እንደ ወንፊት ይርገፈገፋል። እኔ ካለሁበት ድረስ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይሰማኛል። እሱ ጎንበስ ብሎ አየው። ጣቱን አስደገፈበት፤ ቆመ። ጣቱን አነሳ፤ እንደገና መርገፍገፍ ጀመረ። ሦስት ጊዜ እንደዚያ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ ሴቶቹን አየ፣ በነጠላ የተያዘ ጆሯቸውን አየ፣ እኔን አየ።

ወደ እኔ መጥቶ አፌን እያየ፣ «ይጮሃል?» አለኝ።

«ይጮሃል ጋሽ ማሩ።»

«ታርጋውም?»

«ታርጋውም።»

ወደ ሾፌሩ ሄዶ በእጁ ዝቅ አድርግ አለው። ሾፌሩ ዝቅ አደረገው፤ ሴቶቹ ጆሯቸውን ለቀቁ። ጋሽ ማሩ ከዘመዶቹ መሃል ገብቶ ማጨብጨብ ጀመረ። ጭብጨባው ከሌላው ጋር አልገጠመም። እትዬ ጠጄ ከጎኑ ቆማ እጇን ከፍ አድርጋ አጨበጨበች፤ እጇን እያየ ተከተላት።

ከሠርጉ በኋላ ከእትዬ ጠጄ ጋር ሦስታችን ሆነን ሆስፒታል ሄድን። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አደረጉለት። ሲሰማህ ይህን ተጫን አሉት። በመስታወቱ በኩል አየዋለሁ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። አይንቀሳቀስም። ባለሙያዋ ከፍ ስታደርግ፣ ከፍ ስታደርግ፣ በመጨረሻ ተጫነ፤ ፈተና ያለፈ ተማሪ ይመስል በመስታወቱ ፈገግ አለልኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። አልሰማም። እትዬ ጠጄ መለሰችለት።

«የጆሮ ነርቭ ነው የተጎዳው» አለችን ባለሙያዋ። «የሞተው አይመለስም። የቀረውን እንዲጠብቅ እርዱት።»

ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ከአዲስ አበባ አስመጣን። መሣሪያው ሁሉንም እኩል ያመጣበት ነበር። የመጋዙን ጩኸት፣ የባጃጁን፣ የእኔን መዶሻ። ጠዋት ጆሮው ላይ ይሆናል፤ ረፋድ ላይ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አገኘዋለሁ።

ከዚያ ሥራችን ተገለበጠ። ድምፁን የማስተካክለው እኔ ሆንኩ፤ እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ሳጥኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ያሰላል። ስሌቱ አልከዳውም። መኪና ውስጥ ግን መግባት ተወ። ደንበኛና እኔ ስንስቅ ቆይቶ ይስቃል። ለምን እንደሳቅን አይጠይቅም።

አንድ የፒካፕ ባለቤት መጣ። ጋሽ ማሩ ስለ ሳጥኑ ሲያስረዳው ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሱን ተወውና አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው። ጋሽ ማሩ ግን አፍ ማየት ለምዷል። ሜትሩን ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለሰውየው፣ «እሱ የሚልህን ስማ፤ እሱ ያውቃል» አለው። ከልቡ ነው ያለው። ያ ነው የከበደኝ። በሳምንቱ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝና ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ኮሶዬ፣ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። እትዬ ጠጄ ቆይታ ተከተለችው።

ክረምቱ ሲወጣ የደባርቅ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ደንበኛችን ይዞኝ ሄደ። ኮሶዬ በጉም ተሸፍኗል። ጋሽ ማሩ ጋቢ ደርቦ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ጠበቀኝ። አስተናጋጇ «አያ ማሩ» ብላ ሁለቴ ጠርታው በመጨረሻ ትከሻውን ነካችው። ቀድሞ ጋቢ አይወድም ነበር፤ ከተሜ ነኝ ይል ነበር።

«ሥራ አለ?» አለኝ።

«ቤንዚን ሲኖር አለ። ሰው እየቀነሰ ነው።»

እየጮህኩ ነው የምመልስለት። ሌሎች ተመጋቢዎች እየዞሩ ያዩናል። ሁለታችንም አፍረን አቀረቀርን። ከዚያ እሱ እንዲህ አለኝ፦

«መደንቆር ጸጥታ ይመስለኝ ነበር ፈንታ። ጸጥታማ የለውም። ቀን ከሌት ይጮሃል። ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ በረዶ ይመስላል፤ አያባራም። ትርንጎ ወልዳለች፤ ሰምተሃል? ይዛው መጥታ ነበር። ሲያለቅስ አፉን ነው የማየው። ድምፁ ቀጭን ይሁን ወፍራም ጠጄን ነው የምጠይቃት። ቀጭን ነው አለችኝ።»

ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከልኩለት። ለመናገር መጮህ ነበረብኝ።

እጄን ያዘኝ። «አንተስ? ይጮህብሃል?»

«ግራዬን፤ ስተኛ» አልኩት። አልሰማም። ደገምኩለት፤ አሁንም አልሰማም። ሦስተኛ ላይ ግራ ጆሮዬን ነክቼ ራሴን ነቀነቅሁ።

እጄን አልለቀቀም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። «ምነው አልነገርከኝም?» አለኝ። ራሱ መለሰው። «ብትነግረኝም አልሰማም ነበር። ሂድና ታይ። ነገ ሂድ።»

ሄድኩ። ያችው ባለሙያ፣ ያው ክፍል። ግራው ጀምሯል፤ ቀኙ ገና ነው አለችኝ። ሥራዬን እንድተው አልነገረችኝም፤ እኔም አልተውኩም። ሌላ ሥራ የለኝም። ከጋሽ ማሩ ጋር በስልክ መነጋገር አይቻልም፤ እትዬ ጠጄ ናት የምታቀብለን። ስንት ሳጥን እንደሠራሁ፣ ዝግ ይሁኑ ባለ ቀዳዳ፣ በእሷ በኩል ይጠይቀኛል። እመልስለታለሁ። ባለፈው ፋሲካ ሳልደውል ቀረሁ ብሎ ተቀይሞኝ ነበር አሉ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። ሳጥን ከመምረጣችሁ በፊት ሰውየው የሚሰማውን ስሙ። ለትንሽ መኪና ዝግ ሳጥን ይበቃል። ባለ ቀዳዳ የሚፈልግ ካለ ልኩን ጠብቃችሁ ሥሩለት። ስትሞክሩ የመኪናውን በር ክፈቱ፣ ጆሯችሁን ድፈኑ፣ ቶሎ ውጡ። በየዓመቱ ተመርመሩ። የሄደ ጆሮ አይመለስም።